መድኃኒት አዋቂ ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ሲወጣ ዝም ብሎ ገንዘቡን አይሰጥም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሰኮናውን ይመለከታል። ወደፊትና ወደኋላ አስኪዶ እርምጃውን ያያል። «ስንት ዓመት አረሰ? እርሻ ላይ ይተኛል ወይ? ይዋጋል ወይ? ለምንስ ትሸጠዋለህ?» እያለ ባለቤቱን ይጠይቃል። ሻጩም አይቆጣም። መጠየቅ የገበያ ወግ ነውና።

ይኸው ገበሬ ልጁ ሲታመምበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መድኃኒት አዋቂ አለ ወደተባለበት ቤት ልጁን ተሸክሞ ይሮጣል። «ይህን አጠጣው» ሲሉት ያጠጣል። «ይህን እሰርለት» ሲሉት ያስራል። የሚጠጣው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። መጠኑን አይጠይቅም። ባይሻለው ምን እንደሚደረግም አይጠይቅም። ስለ ልጁ የሚጠይቀው ስለ በሬው ከጠየቀው ያንሳል።

ይህ የሚሆነው ልጁን ከበሬው ስለሚያሳንስ አይደለም። ስለሚፈራ ነው። አዋቂን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። «ብዙ ካወራን መድኃኒቱ ይረክሳል» የሚሉም አሉ። ደግሞም ሰው ሲጨነቅ ጥያቄ ይጠፋበታል። ስለዚህ ጥያቄውን ሳንጨነቅ፣ በደህናው ቀን ማወቅ ያስፈልጋል።

ያልጠየቅነው ጥያቄ

በክረምቱ ዘመቻ ባስተማርንበት መንደር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አባቱ የማታ ተማሪያችን ነበር። ልጁን ወደ ወጌሻ ወሰደው። ወጌሻው ክንዱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጣሪ ደገፈና በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው።

ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። በማግሥቱ ጣቶቹ አበጡ፤ ቀዘቀዙም። አባትየው ሄዶ ቢነግረው ወጌሻው «አጥንት ሲገጥም ያማል። እንዳትፈታው» አለ። እሱም ሳይፈታው ተመለሰ።

በዚያ ማታ እኛ ከቤታቸው ነበርን። ቡና ጠጣን። የልጁን ጣቶች በኩራዝ ብርሃን አየን። ጠቁረው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን እኛም «ለምን ጠቆረ?» ብለን አልጠየቅንም። «ወጌሻው ያውቃል» ብለን ወደ ማደሪያችን ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ትኩሳት ያዘው። በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉ። እጁን ግን ከክርኑ በታች ቆረጡት። ፊደል የሚጽፍበት ቀኝ እጁ ነበር።

እጁን ያሳጣው ስብራቱ አይደለም። እስራቱ ነው። ክንድ በጣም ጠብቆ ሲታሰር ደም ወደ ጣት መድረስ ያቅተዋል። ቦዩ የተዘጋበት መደብ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ደም ያጣ ሥጋም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መሞት ይጀምራል። እስራቱ ቶሎ ቢላላና ልጁ ወዲያው ሆስፒታል ቢደርስ እጁ ሊተርፍ ይችል ነበር።

አባትየው በኋላ እንዲህ አለን፦ «እኔም ነበርሁ፤ እናንተም ነበራችሁ። አንዳችን እንኳ አልጠየቅንም።» ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚህ ነው።

አዋቂዎቻችንን መናቅ አይገባም

ይህን ስንል «ወጌሻ ሁሉ መጥፎ ነው፤ የባህል መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» ማለታችን አይደለም። ስንት ወጌሻ ስንቱን ወለምታ አሽቶ አድኗል። መድኃኒት አዋቂዎችም ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት እውቀት አላቸው።

እንዶድን እንውሰድ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ ስለሚባለው በሽታ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ተውሳክ የሚራባው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። «ምን ገደላቸው?» ብለው ጠየቁ። እንዶዱን እየለኩ ደጋግመው ሞከሩት። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተረጋገጠ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በገጠር ሰው እጅ ያለ ቅጠል ትልቅ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የሚታወቀው በመጠየቅ፣ በመለካትና በመሞከር ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ገደለ ማለት ደግሞ ሰው ይጠጣው ማለት አይደለም። እንዶድ የጠጣ ሰው ሊመረዝ፣ ሊሞትም ይችላል። አንድ ነገር ለአንዱ ሥራ ስለጠቀመ ለሁሉ አይሆንም።

የዳነ ሁሉ በመድኃኒቱ ዳነ ማለት ነውን?

«እገሌ በዚህ መድኃኒት ድኗል» ሲባል ሰምተን እንሄዳለን። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ድኗል። ግን ያዳነው መድኃኒቱ ነው ወይ?

ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ጉንፋን በሳምንት ገደማ ይለቃል። በስድስተኛው ቀን ቅጠል የታጠነ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲሻለው የሚያመሰግነው ቅጠሉን ነው።

የወባ ንዳድም እንዲሁ ያታልላል። አንዱ የወባ ዓይነት በየሁለት ቀኑ ይነሣል። በሚያንቀጠቅጠው ቀን ሥር የጠጣ ሰው በማግሥቱ ይቀለዋል። «ለቀቀኝ» ብሎ ወደ እርሻው ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ንዳዱ ይመለሳል። ያቀለለት ሥሩ አልነበረም፤ የወባው ተራ ነው።

ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታም አለ። አንዳንዱ ዓይነት በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይለቃል። ሌላው ዓይነት ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይኖራል። ዓይኑ ነጣ ተብሎ ብቻ «ድኗል» ማለት አይቻልም።

የውሻ ንክሻ ከሁሉ የባሰ ያሳስታል። የሚነክስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። እብድ ውሻ የነከሰው ሰውም ሁሉ አይታመምም። ለምሳሌ አሥር ሰዎች በውሻ ተነክሰው አንድ ዓይነት ቅጠል ቢጠጡና ዘጠኙ ቢተርፉ «ቅጠሉ ዘጠኝ ሰው አዳነ» ይባላል። ባይጠጡስ ኖሮ ስንቱ ይተርፉ ነበር? ማንም አልቆጠረም። አሥረኛው ሰው ደግሞ ከመቃብር ተነሥቶ አይመሰክርም።

ስለዚህ ስለ ዳኑት ብቻ ሳይሆን ስላልዳኑትም እንጠይቅ።

ሰባት ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በአክብሮት እንጠይቅ። «አባባ፣ የልጅ ነገር ነውና ልቤ አላርፍ አለኝ። ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

1. የሚያክሙት የትኛውን ሕመም ነው?

ጥሩ አዋቂ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይናገራል። «እኔ ወለምታ አሻለሁ፤ የሆድ ነገር አላውቅም» የሚል ሰው እምነት ይጣልበታል። አንድ ብልቃጥ ይዞ «ይህ ለወባም፣ ለሳንባም፣ ለመካንም፣ ለስኳር በሽታም ይሆናል» የሚለውን ግን እንጠንቀቀው። አንድ ቁልፍ ሁሉን በር አይከፍትም።

2. ከማን ተማሩ? ያልዳነ ሰው ሲያጋጥምዎ ምን አደረጉ?

እንኳን መድኃኒት አዋቂ፣ በትልቅ ሆስፒታል ያለ ሐኪምም ሁሉን አያድንም። «ከእኔ እጅ ያልዳነ የለም» የሚል ሰው ወይ አልቆጠረም፣ ወይ እየዋሸ ነው። እሱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም እንጠይቅ። ደላላውን ግን አንጠይቅ። ደላላ የሚያየው የታማሚውን ጤና ሳይሆን የራሱን ድርሻ ነው።

3. መድኃኒቱ ምንድን ነው? መጠኑስ በምን ይለካል?

መድኃኒት አዋቂ ምስጢሩን ለገበያ ሁሉ አይነግርም። እንጀራው ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን የታማሚው ቤተሰብ የሚጠጣውን የማወቅ መብት አለው። ኮሶ ጥሩ ምሳሌ ነው። አያቶቻችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ትሉንም ያስወጣላቸው ነበር። መጠኑ የበዛበት ሰው ግን ክፉኛ ያስታውከዋል፤ ያስቀምጠዋል። ዓይኑን ያጣም አለ። የአንዱ ሰው እፍኝ ከሌላው ሰው እፍኝ አይተካከልም። ለትልቅ ሰው የሚሰፈር ለልጅ አይሰፈርም። ስለዚህ «ለነፍሰ ጡር ይሆናል ወይ? ለሚጠባ ልጅስ? ስንት ማንኪያ? ስንት ጊዜ?» እንበል። «ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ዝም ብለህ ዋጠው» ካለ አለመዋጥ ይሻላል።

4. ምላጩ አዲስ ነው ወይ?

የሚበጣ፣ የሚያግም ሰው ዘንድ የሄደ ሁሉ አዲስ ምላጭ ገዝቶ ይሂድ። ወረቀቱም በፊቱ ይከፈት። አንዱ የተበጣበት ምላጭ ሌላውን ሲነካ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። ቆሻሻ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍንም ያመጣል። ተጠርጎ የጠራ ቢመስልም ተውሳኩ በዓይን አይታይም።

የልጅ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን በአዲስ ምላጭም ቢሆን አይገባም። ጥቅም የለውም። ልጁ ደም ፈሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ሊሞት ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በዚህ ምክንያት ሕፃን እንዲሞት ያደረገውን ሰው ይቀጣል።

5. በስንት ቀን ይሻለዋል? ባይሻለውስ ምን እናድርግ?

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። የዚያን ልጅ እጅ ሊያተርፍ ይችል የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት መድኃኒት «ትንሽ ጠብቁ» እየተባለ በሽታው ሥር እስኪሰድ ያቆየናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቀኑን አስቀድመን እንቁረጥ።

ወጌሻ ዘንድ ከሆንን እንዲህ እንበል፦ «ጣቱ ቢቀዘቅዝ፣ ቢደነዝዝ፣ ቢጠቁር ወይም ሕመሙ ቢብስ እስራቱን እናላላለን ወይ?» መልሱ አንድ ብቻ ነው። ወዲያው ማላላት፤ ከዚያም ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ። አጥንቱ ሥጋውን ቀዶ ከወጣ ከመጀመሪያውም ወጌሻ ሊነካው አይገባም።

6. ከሐኪም ቤት የተሰጠኝን መድኃኒት ልቀጥል?

«አቋርጥ» የሚል አዋቂ ካጋጠመን ተነሥተን እንሂድ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይወሰዳል። ታማሚው በሁለት ወር ሳሉ ሲቀርለትና ሲወፍር የዳነ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ካቋረጠ በሽታው ጠንክሮ፣ መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ለቤተሰቡም ያንኑ የጠነከረውን ያስተላልፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ከሐኪሙ በቀር ማንም «ተው» ሊል አይችልም። በሐኪሙ መድኃኒት ላይ ሌላ የምንጨምር ከሆነም ለሐኪሙ ሳንደብቅ እንንገረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

7. ዋጋው ስንት ነው?

ዋጋው አስቀድሞ ይነገር። በመጀመሪያው ቀን «ትንሽ ነው» ብሎ፣ በሁለተኛው ቀን በግ፣ በሦስተኛው ቀን ጥጃ የሚጠይቅ ሰው የሚያክመው በሽታን ሳይሆን በረታችንን ነው። «ካልከፈልህ ልጅህ ይሞታል» ብሎ የሚያስፈራራ ደግሞ አዋቂ አይባልም።

ጥያቄ የማይጠብቅ ሕመም

አንዳንድ ሕመም ጥያቄም አዋቂም አይጠብቅም። በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። ከነዚህ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

እብድ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ውሻ ሲነክስ፦ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባቱን መጀመር። በሽታው ጀምሮት ውሃ ያስፈራው ሰው ግን ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። ክትባቱ የሚያድነው በሽታው ሳይጀምር ነው።

እባብ ሲነድፍ፦ ቁስሉን አለመብጣት፣ አለመምጠጥ፣ በገመድ አለማሰር። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ፣ ሰውየውን ሳያስኬዱ ተሸክሞ መውሰድ።

ምጥ ሲመጣ፦ ነፍሰ ጡር ከመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ብትወልድ ይሻላል። ምጡ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ደም ከበዛባት አንድ ደቂቃም አይጠበቅ።

ሕፃን መጥባት ሲያቅተው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም በተቅማጥ ዓይኑ ሲጎደጉድ፦ ወዲያው መሄድ። ተቅማጥ ከሆነ በመንገድ ላይም ጡትና ፈሳሽ አለማቋረጥ።

ጥያቄው ለሐኪም ቤቱም ነው

እውነቱን ለመናገር፣ የሐኪም ቤት ሰዎችንም የምንጠይቃቸው ጥቂት ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሁሉ ያስፈራናል። እዚያም «ሕመሜ ምንድን ነው? ይህ ክኒን ለምን ነው? ስንት ቀን ልዋጥ? መርፌው አዲስ ነው?» ማለት መብታችን ነው። መልስ መስጠትም የሐኪሙ ሥራ ነው።

በተለይ በየገበያው መርፌ ይዘው የሚዞሩትን እንጠንቀቅ። ሰው «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» ስለሚል ገበያቸው ደርቷል። ክኒን የሚበቃውን ሰው መርፌ ይወጉታል። መርፌውንም ከሰው ወደ ሰው ያዛውሩታል። «የት ተማርህ? ፈቃድህን አሳየኝ» ብንላቸው ብዙዎቹ መርፌያቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ማንበብና መጻፍ ችለናል። ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ወረቀትና እርሳስ እንያዝ። ታማሚው መቼ እንደታመመ፣ ምን እንደጠጣ፣ ስንት እንደጠጣ፣ በስንት ቀን ይሻለዋል እንደተባለ እንጻፍ። መድኃኒቱ ጉዳት ካመጣ ያችን ወረቀትና የተረፈውን መድኃኒት ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሐኪሙ የሚረዳን የጠጣነውን ሲያውቅ ነው።

አንዲት ወጌሻ

በዚያው ወረዳ በሌላ መንደር አንዲት ባልቴት ወጌሻ አሉ። የልጁ ነገር ስላልወጣልን ሄደን ጠየቅናቸው። አልተቆጡም። ቀርከሃቸውን አምጥተው አሳዩን።

«ካሰርሁ በኋላ ጣቴን በጨርቁ ሥር አስገብቼ አያለሁ። ካልገባ አጥብቄዋለሁ ማለት ነው፤ አላላለሁ» አሉን። «ለእናቲቱም ሌሊት ተነሥተሽ ጣቱን ዳብሺ፣ ከቀዘቀዘ እኔን አትጠብቂ፣ ፍቺና ሐኪም ቤት ውሰጂ እላታለሁ። አጥንቱ ከወጣ ደግሞ ከነአካቴው አልነካም።»

«የማይችሉትን ሲናገሩ ሰው አይሸሽዎትም ወይ እማማ?» አልናቸው።

ሣቁ። «ልጆቼ፣ ያልቻልሁትን ወደሚችለው ብሰድ ነው እንጂ ሰው የሚያምነኝ፣ እጁን ቆርጬ ብልከው ማን ይመጣል?» አሉን።

እንግዲህ የምንፈልገው እንደዚህ ያለ አዋቂ ነው። የሚጠየቅ፣ የሚመልስ፣ የማይችለውን «አልችልም» የሚል። እንዲህ ያለውን ሰው የምናገኘው ስንጠይቅ ብቻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጁ እጁን ያጣው ለምንድን ነው? ማን ምን ቢጠይቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር?
2. በመንደራችን ያሉ ወጌሻዎችና መድኃኒት አዋቂዎች የትኛውን ሕመም ያክማሉ? የማይችሉትን ወደ ሐኪም ቤት ይልካሉ ወይ?
3. ንዳድ የያዘው ሰው በማግሥቱ ስለቀለለው ድኗል ማለት ይቻላል? ለምን?
4. ከሰባቱ ጥያቄዎች ለመጠየቅ የሚያስቸግረን የትኛው ነው? በአክብሮት እንዴት እንደምንጠይቀው በደብተራችን እንጻፍ።